የክበባት ዘገባ፦ የበጎ ፈቃድ ክበባችንና የሻለቃው ምንጭ

የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክበባችን በ2011 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 42 አባላት ነበሩት፤ አብዛኞቹ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀንን አክብረናል፤ በጥር ወር የግቢውን ችግኞች ኮትኩተናል። ሁለቱም እንደ ወትሮው ተከናውነዋልና እዚህ ላይ አንቆይም። የዓመቱ ዋና ሥራችን ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች መንደር ምንጭ ማጎልበት ነበር። ሥራውን የመሩልን ዕድሜያቸውን በውትድርና ያሳለፉ የአካባቢው ተወላጅ ናቸው። ስማቸው በመጽሔት እንዲወጣ ስላልፈቀዱ፣ መንደሩ እንደሚጠራቸው «ሻለቃ» እያልን እንቀጥላለን።

የክበቡ ጸሐፊዎች የሻለቃን የሕይወት ታሪክ በአራት ከሰዓት በኋላዎች ከአንደበታቸው ተቀብለው ጽፈዋል። ፊደል የቆጠሩትና ዳዊት የደገሙት በደብር ነው። በ1961 ዓ.ም. ወደ ሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ በ1927 ዓ.ም. በስዊድናውያን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው አንጋፋ ትምህርት ቤት ነው። ተመርቀው የተመደቡት በመሐንዲስ ክፍል ነበር። ብዙ ተማሪ የጦር መኮንን ሲባል ጠመንጃና ምሽግ ብቻ ይታየዋል፤ የመሐንዲስ መኮንን ሥራ ግን ድልድይ መዘርጋት፣ መንገድ መክፈት፣ ፈንጂ ማምከንና ለሠራዊቱ ውኃ ማግኘት ነው። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የሻለቃ ዋና ጭንቀት ውኃ ነበር። ቦቴ የሚመጣበት ሰዓት፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሊትር፣ የበርሜሉ ክዳን ሳይቀር በመዝገብ ይያዝ ነበር። ያ መዝገብ የመያዝ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። እኛም ከእርሳቸው ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው እንላለን፦ አካፋ ከመነሣቱ በፊት መለካት፣ ከተሠራ በኋላም ተመልሶ መቁጠር።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ወገኖች በያኔው የጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል ፓዌ ሲሰፍሩ ሻለቃ ለመንገድና ለውኃ ሥራ ወደዚያ ተላኩ። በሰፈራው መጀመሪያ በሽታ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል። ሰው ከውኃው ቀድሞ መስፈሩ ምን እንደሚያስከትል ያዩት እዚያ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ መንደርተኛውን በደቦ እያስተባበሩ አሥራ አንድ ምንጮች አጎልብተዋል። ዘጠኙ ዛሬም ይፈስሳሉ፤ ሁለቱ ጠፍተዋል። ለክበባችን አስቀድመው ያሳዩን የጠፉትን ሁለቱን ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናነሣለን።

ሥራው የጀመረው በታኅሣሥ ነው፤ በቁፋሮ ግን አይደለም። ምንጩን በጭቃ ገድበን ውኃው በአንድ ቧንቧ ብቻ እንዲወርድ አደረግን፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ደቅነን በሰዓት ለካን። በታኅሣሥ ጄሪካኑ በ42 ሴኮንድ ሞላ፤ በየካቲት 63 ሴኮንድ፣ በሚያዝያ መጨረሻ 80 ሴኮንድ ፈጀ። ለሥራ የሚያገለግለው የመጨረሻው ልክ ነው። ክረምት ማግሥት በተለካ ውኃ የተነደፈ ምንጭ ሚያዝያ ላይ ሰው ያስጠማል። 80 ሴኮንድ ማለት በሰዓት 900 ሊትር ነው፤ ከንጋት 12 እስከ ምሽት 12 ሰዓት 10,800 ሊትር ይሆናል። ለገጠር የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ስለሆነ፣ የቀኑ ውኃ ብቻ ለ432 ሰው ይበቃል። መንደሯ 64 አባወራ፣ 320 ያህል ሰው ናት። ስለዚህ ውኃው በቂ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ ጥያቄ አነሣች፦ ውኃው ከበቃ ሰልፉ ለምን ይረዝማል? መልሱ ሰዓቱ ነው። ሁሉም ሰው የሚቀዳው ጧት ነው። 64 ቤት ሁለት ሁለት ጄሪካን ቢያመጣ 128 ጄሪካን ይሆናል፤ እያንዳንዱ 80 ሴኮንድ ከፈጀ የመጨረሻዋ ሴት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ትቆማለች። ሌሊቱን ሙሉ የፈሰሰው ደግሞ ጅረት ገብቶ ቀርቷል። ስለዚህ ከምንጩ 12 ሜትር ራቅ ብሎ ውስጡ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ማጠራቀሚያ እንዲሠራ ተወሰነ። 3,000 ሊትር ይይዛል፤ በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሞላል፤ ለጧቱ 128 ጄሪካን ከሚያስፈልገው 2,560 ሊትርም ይበልጣል።

አሁን ወደ ጠፉት ምንጮች እንመለስ። አንደኛው የጠፋው መውጫ ቧንቧው ከምንጩ ዓይን፣ ማለትም ውኃው ከሚፈልቅበት ቦታ፣ ከፍ ብሎ በመተከሉ ነው። ውኃ ወደ ኋላ ሲገፋ በአፈር ውስጥ ቀላል መንገድ ይፈልጋል፤ አንድ ክረምት ቆይቶ ከግንቡ 20 ሜትር ርቆ በሰው እርሻ ውስጥ ፈለቀ። ዓይኑ አንዴ ከዞረ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የመውጫውም ሆነ የማጠራቀሚያው ማስተንፈሻ (ትርፉ ውኃ የሚወጣበት) ከዓይኑ ዝቅ ማለት አለበት፤ እኛ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገናል።

ይህን የሚለካው መሣሪያ 15 ሜትር ርዝመት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ነው። ውኃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ ዓይኑ ዘንድ ሌላው ጫፍ ማጠራቀሚያው ዘንድ ይያዛል፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ውኃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ስሕተት የሚመጣው ከአየር አረፋ ነው። ጎማው መሐል ላይ አንዲት አረፋ ከተደበቀች ልኩ በጣት ያህል ይዛባል። አረፋዋ እንድትወጣ ጎማውን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ማንሣትና በጣት መታ መታ ማድረግ ነው። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አስጠግቶ ውኃው እኩል መቆሙን ማየት ያስፈልጋል። ሲሸከሙት ጫፎቹ በአውራ ጣት ይደፈናሉ፤ ሲነበብ ግን ሁለቱም ይከፈታሉ። አንዱ ተደፍኖ ከተነበበ ልኩ ውሸት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በትምህርት ቤቱ ደረጃዎች ላይ ለአንድ ሳምንት ተለማምደው ነው ወደ ምንጩ የወሰዱት።

ግንባታው ግንቦትን ሙሉ ፈጀ። አባላቱ ሰባት ሰባት ሆነው በስድስት ጓድ ተከፈሉ፤ እያንዳንዱ ጓድ መሪና ምክትል ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ሰልፍ ተይዞ አካፋው፣ ዶማው፣ ባልዲው ተቆጥሮ ይወጣል፤ ሲመለስም ይቆጠራል። ቁፋሮው ውኃውን ተከትሎ ወደ ተራራው ጎን ይገባል እንጂ ከዓይኑ በታች አይጠልቅም። ዓይኑ ከተገኘ በኋላ ታጥቦ የነጣ ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ የተረገጠ መረሬ ጭቃ፣ በመጨረሻ አፈርና ሣር። ድንጋይ ማጠቡ ለተማሪ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ጭቃ የያዘ ድንጋይ ውስጥ ከገባ ውኃው ለወራት ይደፈርሳል፣ የቧንቧው ወንፊትም ይደፈናል።

የግንቡ ቡኮ አንድ እጅ ሲሚንቶ በአራት እጅ አሸዋ ነው፤ የውስጡ ልስን አንድ ለሁለት። በጠቅላላው እያንዳንዱ 50 ኪሎ የሆነ 20 ከረጢት ሲሚንቶ ገብቷል። ድንጋዩና አሸዋው ከመንደርተኛው ነው፤ የግንበኛው ዋጋም በመዋጮ ተሸፍኗል። ልስኑ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ መጠጣት ነበረበት። በሁለተኛው ሳምንት እሑድና ሰኞ ተረኛ ሳይመደብ ቀርቶ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ፀሐይ መታው፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አወጣ። ያ ክፍል ተፍቆ እንደገና ተለስኗል። ከዚያ በኋላ የማርጠብ ተራ በስም ተጽፎ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ሁለተኛውን የጠፋውን ምንጭ ያደረቀው ከበላዩ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ በእኛ ምንጭ ከዓይኑ በላይ ያለው መሬት ታጥሮ ሣር ብቻ ይበቅልበታል፤ ባለመሬቱ ባሕር ዛፍ ላለመትከል ከቀበሌው ጋር ተፈራርመዋል። ከዓይኑ 10 ሜትር ከፍ ብሎ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሯል። ከብቱ ደግሞ ከማጠራቀሚያው በታች፣ ትርፉ ውኃ በሚወርድበት ቦታ የራሱ ገንዳ አለው። ከብት ውኃ ካላገኘ አጥር እንደማያቆመው ሻለቃ አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ ገንዳው ከአጥሩ በፊት የተሠራውም ለዚህ ነው።

ሰኔ 1 ቀን ቁልፉን የተረከበው ሰባት አባላት ያሉት የውኃ ኮሚቴ ነው፤ አራቱ ሴቶች ናቸው፣ ገንዘብ ያዥዋም ሴት ናት። ሻለቃ በማይኖሩበት ቀን የልኬቱን መዝገብ የምትይዘው የሰልፉን ጥያቄ ያነሣችው ተማሪ ናት። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ጄሪካኑ የሞላበት ሴኮንድ፣ የውኃው መልክ፣ የለካው ሰው ፊርማ።

ለቀጣዩ ዓመት አባላት ሦስት ነገር ይቀራል። ክረምቱ እንዳለፈ ቦዩ ከደለል ይጠረግ። ማጠራቀሚያው በመስከረም ተከፍቶ ይታጠብ፤ ክሎሪኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታመጣለች። ልኬቱም በታኅሣሥ፣ በየካቲትና በሚያዝያ በዚያው ጄሪካን ይደገም። በመጋዘን የቀረው ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ እርጥበት ስለነካው ጓል ይዟል፤ ለግንብ እንዳይውል።