ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ጥምርታ ጥያቄዎች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ከሒሳብ መምህራን ጋር የልጆቹን ደብተር ስናይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ገጠመን። ልጆቹ ማካፈልም ማባዛትም ይችላሉ። የሚጨንቃቸው ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ነው።

«ሁለት ጓደኛሞች 600 ብር 2 ለ 3 በሆነ ጥምርታ ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?» ሲባሉ ብዙዎቹ 600ን መጀመሪያ ለ2፣ ቀጥሎ ለ3 ያካፍላሉ። 300 እና 200 ብለው ይጨርሳሉ። ሲደመር ግን 500 ብቻ ነው። 100 ብሩ የት ገባ?

ብሩ ከመካፈሉ በፊት በጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ መቆጠር አለበት። 2 እና 3፣ 5 እጅ ነው። የአንዱን እጅ መጠን ኤክስ እንበለው። 2 ኤክስ ሲደመር 3 ኤክስ 600 ይሆናል። 5 ኤክስ 600 ከሆነ ኤክስ 120 ነው። ስለዚህ አንዱ 240፣ ሌላው 360 ብር ይደርሰዋል። ድምሩ 600፤ ምንም አልጎደለም።

ይህ ስሌት ለእናንተ አዲስ አይደለም። 3 እጅ ጤፍ ከ1 እጅ ማሽላ ቀላቅሎ 20 ኪሎ የሚያስፈጭ ሰው 15 ኪሎ ጤፍና 5 ኪሎ ማሽላ ይዞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ልጃችሁን «ከጠቅላላው ምን ያህሉ ማሽላ ነው?» በሉት። «ሢሶው» ካለ 4ቱን እጅ አልቆጠረም፤ ሩቡ ነው። ቤት ያሠራችሁም 1 ለ 2 ለ 3 የሚባለውን የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር ድብልቅ ታውቁታላችሁ። እዚያም አሠራሩ ያው ነው፤ 6 እጅ።

ከዚህ የሚከብደው ድምሩ ሳይሆን ልዩነቱ ሲሰጥ ነው። የሁለት እህትማማቾች ዕድሜ ጥምርታ 3 ለ 5፣ ልዩነቱ 8 ዓመት ቢሆን፣ 8 የሚካፈለው ለ8 እጅ ሳይሆን ለ2 ነው፤ ከ5 እጅ 3 ሲቀነስ የሚቀረው 2 እጅ ነውና። አንዱ እጅ 4 ዓመት፣ ዕድሜያቸው 12 እና 20 ይሆናል። ልጁ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ ከዚያ «የተሰጠህ ድምር ነው ልዩነት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን አትንገሩት። ጊዜ ይውሰድ፣ ይሳሳት፣ ራሱ ይደምርና ይፈትሸው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ልጁ እየሰማ «ይሄ ለሒሳብ አልተፈጠረም» አትበሉ። ልጅ እንዲህ ያለውን ቃል ይዞት ያድጋል።

የማጠናከሪያ ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4፡30 ይሰጣል። ልጆቹ የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ። መቀመጥ የሚፈልግ ወላጅ ካለ ክፍሉ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር