የስፖርት ቀን ማለዳ የሰጠሁት ሽሮፕ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጸደይ በገባ ቁጥር የልጆቼ ቦርሳ በወረቀት ይሞላል። የስፖርት ቀን፣ የመጻሕፍት ሳምንት፣ የክፍል ፎቶ፣ የትምህርት ጉብኝት፣ የትያትር ምሽት፣ የወላጆች ስብሰባ። ቀኑና ሰዓቱ በደማቅ ፊደል ተጽፎ ይመጣል። ከሥር በደቀቀ ፊደል አንዲት መስመር ትከተላለች፦ «የታመመ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይላክ በአክብሮት እናሳስባለን።» ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች መስመር ነው። ለዓመታት ሳላነባት አልፌያታለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አንብቤያት ጥሻታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሹ ልጄ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ የስፖርት ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ለጥንድ ሩጫ ተመርጦ ነበር፤ የአንዱ እግር ከጓደኛው እግር ጋር በሻሽ ታስሮ ሁለቱ እኩል እየረገጡ የሚሮጡበት ማለት ነው። ማታ ማታ ከእህቱ ጋር እግራቸውን አስረው ሳሎን ውስጥ ይለማመዱ ነበር። በዕለቱ ማለዳ ልቀሰቅሰው ስገባ ግንባሩ ይፋጃል። ቴርሞሜትሩ 38.4 አለ። እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ደህና ነኝ» ይለኛል። የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠሁት፣ ትንሽ ጠበቅሁ፣ ሰውነቱ ሲበርድልኝ አልብሼ ላክሁት። ለመምህርቱ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

በሽሮፑ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ነው። ሩጫው አልቆ ብዙም ሳይቆይ የመድኃኒቱም ጊዜ አለቀ። ተደውሎልኝ ስደርስ ልጄ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ እሱ በሳምንቱ ተነሣ። እግሯ ከእግሩ ጋር ታስሮ የሮጠችው ልጅ ግን አስም አለባት። ስምንት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አደረች። ከልጄ ይሁን ከሌላ የያዛት ማንም ሊለይ አይችልም። እኔ ግን እናቷን በር ላይ ባየኋት ቁጥር ያ ማለዳ ይመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና እጄን ይዛ «እኔም እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያነጋገርኋቸው ወላጆች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። የታመመ ልጅ አትላኩ የምትለው መስመር በዚያ ማለዳ ለእናት ምንም አትነግራትም። በትልቅ ቀን ዋዜማ የማንም ልጅ «የታመመ» አይደለም፤ ትንሽ ሞቅ ብሎታል፣ ትንሽ አስሎታል፣ አላፊ ነው። ስለዚህ ማሳሰቢያው ቁጥር ይኑረው። ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ትኩሳት ነው፤ ቤት ይዋል። የሚመለሰው መድኃኒት ሳይወስድ ከትኩሳት ነጻ ሆኖ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው። «መድኃኒት ሳይወስድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስምሩባቸው፤ እኔ የተሰናከልሁት እዚያ ላይ ነው። ሽሮፑ ሙቀቱን ያወርዳል፣ ቫይረሱን አያወርድም። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ይበልጥ የሚያስተላልፈው ደግሞ በሕመሙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ልክ እኛ «አላፊ ነው» የምንልባቸው ቀናት። የብርዱ ወራት አለቀ ማለትም ኢንፍሉዌንዛ ሄደ ማለት አይደለም፤ ቢ የሚባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚበረታው ወደ ወቅቱ ማብቂያ ነው።

ለማስመለስና ለተቅማጥ ልኩ ይለያል፤ ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ልጁ በማግስቱ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ቀን ቤት ማዋል ለወላጅ ከባድ ነው። ቢሆንም «ኖሮቫይረስ» የሚባለው የሆድ ሕመም አምጪ ልጁ ከተሻለው በኋላም ከሰውነቱ ይወጣል፣ ለመተላለፍም እጅግ ጥቂት ይበቃዋል። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር በዚህ ቫይረስ ላይ ደካማ ነው። በትያትሩ ምሽት በር ላይ ጠርሙስ ከማስቀመጥ ይልቅ ሳሙናና ውኃ ይዘጋጅ፤ ልጆቹም 20 ሰከንድ ያህል ይታጠቡ።

አስፕሪንን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሐኪም ካላዘዘ ለልጅ አይሰጥም። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ሌላ የቫይረስ ሕመም ላለበት ልጅ ሲሰጥ ሬይ ሲንድረም ከሚባል፣ ጉበትንና አንጎልን ከሚጎዳ ሕመም ጋር ተያይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። የዚያን ቀን ልጄን አስቀርቼው ቢሆን ኖሮ ምን ይጠብቀው ነበር? ምንም። የስፖርት ቀን በዓመት አንዴ ነው። ሦስት ሳምንት የተለማመደው ሩጫ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ እሱ ሰኞ ሲመለስ ሌሎቹ ሜዳሊያቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ያገኛቸዋል። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም ነው፤ «ደህና ነኝ» ያለኝም ለዚህ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ትኩሳቱን የሚደብቀው እውነቱን መናገር ብዙ ነገር ስለሚያሳጣው ነው። እናቱም የምትደብቀው ስለዚሁ ነው። ማሳሰቢያውን ደጋግሞ ማተም ይህን አይለውጠውም።

የሚለውጠው ለቀረ ልጅ ሁለተኛ ቀን ማዘጋጀት ነው። ትልቅ ወጪ የለውም። ከስፖርት ቀን በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ታመው የቀሩት የሚሮጡበት ግማሽ ሰዓት። ለክፍል ፎቶ አንድ ተጨማሪ ቀን። በትያትር ለእያንዳንዱ ዋና ሚና ቃሉን የሚያጠና ሁለተኛ ልጅ፤ ምሽቱም ሁለት ከሆነ አንዱ የአንዱ አንዱ የሌላው። ይህ ሁሉ አስቀድሞ በጥሪ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፦ «ልጅዎ በዕለቱ ከታመመ የሚሳተፍበት ሌላ ቀን አለ።» እኔ ያን ማለዳ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ቢሆን ኖሮ ሽሮፑን ሰጥቼ ልጄን አልጋው ላይ እተወው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በዓመቱ ማብቂያ ላይ «አንድም ቀን ላልቀረ ተማሪ» የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ይቅር። ልጅ ያለ ምክንያት ከትምህርት እንዳይቀር መትጋት ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ትኩሳት ይዞት የመጣውን በጭብጨባ ሸልመን፣ ለጓደኞቹ አስቦ ቤት የዋለውን ባዶ እጁን ስንሰደው ሁለቱም ልጆች የሚማሩት ነገር ያሳስበኛል። በሰዓቱ የመጣ ይሸለም፣ የቤት ሥራውን የሠራ ይሸለም። ጤና የሽልማት መስፈርት አይሁን፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ልጅ ያን ወረቀት መቼም አያገኘውም።

አንዳንድ ወላጅ «ታዲያ በጸደይ አፍንጫው የፈሰሰ ሁሉ ቤት ይዋል?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም፤ ልዩነቱን ማወቅ ለዚህ ይጠቅማል። የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ልጅ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ተደጋጋሚ ያስነጥሰዋል፣ ንፍጡ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፣ ሳምንታት ሊቆይበት ይችላል። ትኩሳት ግን አያመጣበትም። ይህ ልጅ ማንንም አያሲዝም፤ ክፍል ውስጥ ሊሸሹት አይገባም። ደረቅና ነፋሻማ በሆነ ቀን ብናኙ ይበዛል፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት ልብሱን ቀይሮ ፀጉሩን ቢታጠብ ሌሊቱ ይቀለዋል። አስም ላለበት ልጅ ብናኝና ሩጫ ሲገናኙ ነገሩ ሊከብድ ስለሚችል፣ ትንፋሽ የሚከፍተው ኢንሄለር ቢሮ ተቆልፎበት ሳይሆን ሜዳው ላይ፣ መምህሩ እጅ ውስጥ ይሁን። ወላጅም ጊዜው እንዳላለፈና ባዶ እንዳልሆነ ከዋዜማው ይይ። ከባድ የምግብ አለርጂ ሲነሣ የሚወጋው የኤፒኔፍሪን መርፌም እንዲሁ።

ቤት መዋል የማይበቃው ሕመም ኩፍኝ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል፤ በዚያን ጊዜ ልጁ ተራ ጉንፋን የያዘው ነው የሚመስለው። የያዘው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። መከላከያ ከሌላቸው 10 ሰዎች አጠገቡ የነበሩ እንደሆነ እስከ 9 የሚደርሱት ሊይዛቸው ይችላል። የትያትር አዳራሽ ወላጅ፣ አያት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን አንድ ላይ የሚሰበሰቡበት ቦታ መሆኑን አስቡት። የክትባት ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቶ ሁለቱም መጠን መሰጠቱን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ መጠን ከ100 ሰው 93ቱን ያህል ይከላከላል፤ ሁለት መጠን 97ቱን። ኩፍኝ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዳይዛመት 95 በመቶ ያህሉ ሁለቱንም ሊወስድ ያስፈልጋል።

ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ አሁንም በወላጆች የስልክ ቡድኖች ውስጥ ይዞራል። መነሻው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። በ2019 የታተመ፣ በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ምንም ግንኙነት አላገኘም። የፈራን ወላጅ መስደብ አይጠቅምም፤ ፍርሃቱ ከፍቅር ነው የመጣው። ግን በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም፣ ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ። ያ ልጅ ያለው መከላከያ አጠገቡ የሚቀመጡት ልጆች ክትባት ነው።

ስለ ቅማል ደግሞ ማሳፈር ይቁም። ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፣ ንጹሕ ፀጉርን ከቆሻሻ አይለይም፤ የሚሸጋገረው በአብዛኛው ራስ ከራስ ሲነካካ ነው። የትያትር ባርኔጣና የፎቶ ቀን ማበጠሪያ ባለመዋዋስ ጥቂት መከላከል ይቻላል። ከተገኘ ይታከማል፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ቅጫሙን ስለማይጨርሱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። ፀጉር መላጨትም ሆነ ልጅን ከጉብኝት ማስቀረት አያስፈልግም። አንዲት ልጅ በፎቶ ቀን ጓደኞቿ ፊት ፀጉሯ ተገልጦ «አለባት» ስትባል አይቻለሁ። ያ ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ለጉብኝት ቀን የቀሩት ቀላል ናቸው፤ ውኃ፣ ባርኔጣ፣ በየ2 ሰዓቱ የሚደገም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከጫካ ሲመለሱ ከጉልበት ጀርባና ከብብት መዥገር መፈለግ። እንቅልፍም አለ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የዋዜማ ምሽት ደግሞ የሚያስተኛ አይደለም።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁ በየጸደዩ የትምህርት ቤት ዝግጅቶችን ዜና ያወጣል፤ የሮጡ፣ የዘፈኑ፣ የተሸለሙ ልጆችን ፎቶ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። ዘንድሮ ከፎቶዎቹ ጎን ለቀሩት ልጆች ሁለተኛ ቀን ያዘጋጀ ትምህርት ቤት ካለ ስሙን አውጡልን። አንድ ሲታይ ሌላው ይከተላል ብዬ አምናለሁ። 38 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት፣ 48 ሰዓት የሚሉትንም ቁጥሮች ተቆርጦ ማቀዝቀዣ በር ላይ በሚለጠፍ ሳጥን ውስጥ አትሙልን።

ልጄ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ጉብኝት አለባቸው፤ የፈቃድ ወረቀቱን ትናንት ፈርሜያለሁ። በጀርባው ላይ ለመምህሩ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በዕለቱ ትኩሳት ካለው አልልከውም። እባክዎ ሌላው ክፍል በሚሄድበት ቀን አብሮ እንዲሄድ ይፍቀዱለት።» ዛሬ ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። ከጽሑፌ ሥር «ይችላል» የሚል አንድ ቃል ተጽፎበታል። ለልጄ አነበብሁለት፤ እሱም ወስዶ ቦርሳው ኪስ ውስጥ አስቀመጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ተማሪዎች እናት