ይድረስ ለጢያ ጓደኛዬ

ውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የመጨረሻ ደብዳቤህን ሳልመልስ አራት ዓመት ማለፉ ያሳፍረኛል፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ብዕር ማንሣት ከብዶኝ ነበርና ይቅር በለኝ።

ባለፈው ወር በጉራጌ አገር ወደሚገኙት ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት ወደ ተቀረጸባቸው ጥንታዊ የጢያ ትክል ድንጋዮች ብቻዬን ሄድሁ። በድንጋዮቹ ላይ ያለውን ያንን ቅርንጫፍ መሳይ ምልክት አንተ እንሰት ነው፣ እኔ የእንጨት ትራስ ነው እያልን ከጢያ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተከራከርንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ያን ጊዜ የደረስነው በቀትር ነበር፤ አሁን ግን ማልጄ ስለደረስሁ፣ የጠዋት ፀሐይ ድንጋዩን በጎን ስትመታው የሰይፎቹ ጠርዝ ሁሉ ጥላ ጥሎ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቀርቤ ሳስተውል ቀራጩ ሰይፉን ወደ ውስጥ አልፈለፈለውም፤ ዙሪያውን በትዕግሥት ጠርቦ ሰይፉን ከፍ አድርጎ አስቀርቶታል። እንዲህ የሚሠራ ሰው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት የሚለውን ጨርሶ ያውቃል።

ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አላቸው። የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ሆኖም በፈረንሳዊው ሮጀር ዡሶም መሪነት የተካሄደው ቁፋሮ ከሥራቸው መቃብር መኖሩን፣ ዘመኑም ከግራኝ አህመድ እጅግ የቀደመ መሆኑን አሳይቷል። የተቀበሩት አብዛኞቹ ወጣቶች ሲሆኑ፣ እንደ ሕፃን ተጣጥፈው በጎናቸው ተኝተዋል። ይህን ሳስብ የሰይፎቹ ቁጥር የተገደሉ ጠላቶች ቁጥር ነው የሚለውን የተለመደ ትርጉም ለመቀበል ልቤ አመነታ፤ ስለ ሟቹ ጀግንነት ከመናገር ይልቅ የወገኖቹን ሐዘን የሚቈጥር ቢሆንስ?

ስለ ክርክራችንም፣ መቃብር ከሆነ ትራስ ለተኛ ሰው ይስማማል ብዬ የረታሁህ መስሎኝ ነበር። ከአጥሩ ወጥቼ በየጓሮው የተተከለውን እንሰት ሳይ ግን እርግጠኛነቴ ተወኝ፤ አገሩን ሁሉ የሚመግበው ተክል በልጆቹ መቃብር ላይ ቢቀረጽ ምን ያስገርማል? ምልክቱን ለብቻው አፍጥጠን ማየታችን ስሕተት እንደነበር አሁን አምናለሁ። በየትኛው ድንጋይ ላይ፣ ከስንት ሰይፍ ጋር፣ ከሰይፎቹ በላይ ወይስ በታች እንደሚገኝ አስተያይተን መመዝገብ ነበረብን። እኔ ይህን ጀምሬአለሁ።

በአንደኛው ድንጋይ ላይ ግን የምልክቱን ግርጌ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታልና መሥመሩ የት እንደሚያበቃ መለየት አልቻልሁም። ያን ጊዜ አንተ በእርሳስ ሥለኸው ነበር። ደብተሩ ካለህ እባክህ ይዘኸው ና፤ ከጥምቀት በኋላ አብረን እንሂድና ማልደን እንድረስ።

ናፋቂህ ወንድምህ