ለኢኮና ለኩላሊት ምርመራ፦ ከጅማ እድሮች የድጋፍ ጥሪ

ይህን የምጽፈው ገንዘብ ለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ለምን እንደምጠይቅ በግልጽ ልናገር።

ጅማ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ከጎረቤት እድሮች ጋር ሆነን አንድ የጋራ ሣጥን ለመክፈት ተስማምተናል። ሣጥኑ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዟቸው ከሞት ለተረፉ ሰዎች ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የሚታዘዝላቸውን የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና የኩላሊት የደም ምርመራ ይከፍላል። ለሌላ ነገር አይውልም።

«ከሆስፒታል ከወጣ ድኗል አይደል? ደግሞ የምን ምርመራ ነው?» ብለው የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም። ደረቱን የያዘው ሕመም ሲለቀው በሽተኛው ራሱም የሚያስበው እንደዚያ ነው። ዘመድ የሚረባረበው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ገንዘብ ይዋጣል፣ ከብት ይሸጣል፣ አስታማሚ ይፈራረቃል። ሰውዬው በእግሩ ቤቱ ሲገባ ቡና ይፈላል፣ ተመስገን ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀጠሮ ግን የሚያስታውሰው የለም።

የልብ ጡንቻ የራሱ ደም ስሮች አሉት። አንዱ በረጋ ደም ሲደፈን ከእሱ የሚመገበው ጡንቻ ደም ያጣል። ደም ስሩ ቶሎ ካልተከፈተ ጡንቻው ይሞታል። ምን ያህሉ እንደተጎዳ በዓይን አይታይም፤ የሚያሳየው ኢኮ ነው። ኢኮ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ኩላሊትንም አይነካም። ሐኪሙ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ያይበታል። ጤነኛ ልብ ከ55 እስከ 70 በመቶ ገደማ ይገፋል። ቁጥሩ 40 እና ከዚያ በታች ሲሆን የሚታዘዘው መድኃኒት ይጨምራል። ልብ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ወይም ቫልቭ ማፍሰስ ከጀመረም እዚያው ይታያል።

አንዴ ታይቶ አለቀ ማለት ግን አይደለም። ከሕመሙ በኋላ ሳይሞት የደነዘዘ ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሊያገግም ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ያለ በሽተኛ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ኢኮው የሚደገምለት። ብዙ ሰው የሚቀረው ይሄኛው ላይ ነው።

ኩላሊትስ ምን አገባው? ዕረፍት ላይ ስንሆን ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል የሚሄደው ወደ ኩላሊት ነው። ልብ ሲደክም ኩላሊት ወዲያው ይጎድልበታል። መድኃኒቶቹም አሉ። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ለደከመ ልብ ዕድሜ የሚጨምሩ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት፣ ከዚያም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ፖታሲየምና ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይበዛል) ይለካሉ። መጠኑ ሲጨመርም እንዲሁ። ክሬቲኒን ትንሽ ከፍ ማለቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ መቀጠል ወይም መቀነስ እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። መድኃኒቱን በራስ ማቆም ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። በዕድሜ የገፉና የከሱ ሰዎች ላይ ደግሞ ጡንቻቸው ስላነሰ፣ ኩላሊታቸው ደክሞም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ወረቀቱን ሐኪም ማንበብ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ከሆስፒታል ወጥተው መድኃኒታቸውን አንድ ቀን አላዛነፉም። የደም ምርመራውን ግን ትተውት ነበር፤ ገንዘቡ ለልጅ ልጃቸው ደብተር ሄደ። መገጣጠሚያቸውን ሲያማቸው ደግሞ ዳይክሎፌናክ ይገዙ ነበር። እንደዚህ ያለ ማስታገሻ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለታመመ ልብም አይሆንም። ይህን የነገራቸው አልነበረም። አቅም አጥተው ተኝተው ነው የተገኙት። ዛሬ ደህና ናቸው፤ ኩላሊታቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ይህን ሣጥን ያስጀመረን የእሳቸው ነገር ነው። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።

በጅማ ዙሪያ ካሉት ከደዶ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ ለሚመጣ ሰው ችግሩ ይብሳል። ትራንስፖርት አለ፣ ከመሸም አልጋ አለ። ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚገባው ቡናው ሲደርስ ነው። ክረምት ላይ የታዘዘ ምርመራ እስከ ኅዳር አይጠብቅም።

ጤና መድን ያለው ሰው መጀመሪያ በካርዱ ይታያል። ሣጥኑ የሚገባው ካርድ ለሌለው፣ ወይም ማሽን ተበላሽቷል፣ ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል ተብሎ ከሆስፒታሉ ውጭ እንዲመረመር ለተላከ ነው። ለበሽተኛው ጥሬ ገንዘብ አንሰጥም። የሐኪም ትእዛዝ ሲቀርብ ክፍያው በቀጥታ ለመርማሪው ተቋም ይገባል፣ ደረሰኙም ይቀመጣል። ገንዘብ የሚወጣው ከተለያዩ እድሮች በተመረጡ 3 ሰዎች ፊርማ ነው። ወጪና ገቢው በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የታማሚ ስም ግን አይጠራም። ሃይማኖትና ብሔር አንጠይቅም።

የእድራችን ለፋፊም አንድ ሥራ ተጨምሮለታል። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ድምፁን ሳያሰማ ቤት ድረስ ሄዶ ያስታውሳል። በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የእድር አባል የሆናችሁ፣ ለአንድ ጊዜ የወር መዋጮአችሁን ያህል ጨምሩ። ነጋዴዎችና ቡና አቅራቢዎች፣ የአንድ ሰው ኢኮ ሙሉውን ብትሸፍኑ ትልቅ ነገር ነው። የግል ላቦራቶሪና ክሊኒክ ያላችሁ፣ ዋጋ ቀንሱልን። ባለ ባጃጆች፣ በቀጠሮ ቀን አንድ በሽተኛ ከመናኸሪያ አድርሱልን። ጫት ቤት ያላችሁም፣ ከልብ ሕመም የተነሣ ደንበኛ ሲመጣ «ሐኪምህ ምን አለ?» በሉት። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ጅማ ላይ መናገር ከባድ ቢሆንም መናገር አለብኝ።

ገንዘቡን ለእድራችሁ ገንዘብ ያዥ ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ለማንም እንዳትሰጡ፤ በስማችን የሚለምን ቢመጣ ለእድሩ ዳኛ ንገሩ። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ ጅማ ባለው ቤተሰባችሁ በኩል ላኩ። ስማችሁ እንዳይነበብ ከፈለጋችሁ «አንድ ወገን» ተብሎ ይመዘገባል።