ሾርባው ውስጥ ምን አለ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት የጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ሕመምተኛና ስለ አረጋውያን አመጋገብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ መጀመሪያ እማርበት ብዬ፣ ሁለተኛ ተናድጄ። ብዙው ነገር ልክ ነው፣ የታሸገ ምግብ ቀንሱ፣ ቤት አብስሉ፣ ጥራጥሬና አትክልት አብዙ፣ ይሄን ማን ይቃወማል። እኔን ያናደደኝ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ለታመመ ሰው ቀጭን ሾርባ ይበቃዋል የምትለዋ ነገር፣ ሌላው ደሞ መጨረሻ ላይ የደረደራችሁት ክልከላ፤ ሥጋ አይብላ፣ እንቁላል አይብላ፣ ወተት አይጠጣ፣ ዘይት አይንካ። ቆይ እሺ፣ ምን ይብላ?

ሐኪም አይደለሁም። መጀመሪያ ለአባቴ ቀጥሎ ለእናቴ በጠቅላላው አምስት ዓመት ያበሰልኩ ሰው ነኝ፣ እና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በስህተት ነው ያሳለፍኩት፣ የምጽፍላችሁም ስለዛ ስህተት ነው።

አባዬ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፣ ሰርጀሪ ተደረገለትና ቤት ገባ። የመጣ ሰው ሁሉ "ከብዶት እንዳይታመም ቀለል ያለ ነገር ስጡት" ይላል፣ እኛም እሺ ብለን መረቅ። ጠዋት መረቅ ማታ መረቅ፣ አጥንቱ ስድስት ሰዓት ተቀቅሎ ሽታው ሰፈሩን የሚያውድ፣ ሥጋው ግን ይከብደዋል ተብሎ ለኛ ይወጣል፣ አሁን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ፣ ታማሚው ውሃውን ጤነኞቹ ሥጋውን ማለት ነው እኮ። በመሃል ሁለት ብስኩትና ጁስ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የእጅ ሰዓቱ ከእጁ ላይ እየተንሸራተተ ይወድቅ ጀመር፣ እግሩ ቀጠነ፣ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ ልታቆመው ስትሞክር ጉልበቱ ይከዳዋል። ያኔ ነው አንዲት ኒውትሪሽኒስት፣ የአመጋገብ ባለሙያ ማለት ነው፣ ያየችው። "አባቴ ምን እየበሉ ነው?" አለችው። "ሾርባ" አለ። ወደኔ ዞረችና "ሾርባው ውስጥ ምን አለ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አጥንት ነበረበት እንዳልላት አጥንቱ ወጥቶ ተጥሏል።

ከዛ ወረቀት አውጥታ ቁጥር ጻፈችልኝ፣ ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ለጤነኛ አዋቂ ብዙ ጊዜ የሚባለው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአረጋውያን አመጋገብ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ተሰባስበው ዕድሜው ለገፋ ሰው ከ1.0 እስከ 1.2፣ የታመመ ሲሆን ደሞ ከ1.2 እስከ 1.5 ቢሆን ይሻላል ብለዋል። ማለት 60 ኪሎ የሚመዝን የታመመ ሽማግሌ ቢያንስ በቀን 72 ግራም ገደማ ይፈልጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ስኒ ሙሉ የበሰለ ምስር 18። አሁን የአባዬን ቀን ቁጠሩት፣ መረቅ፣ ብስኩት፣ ጁስ። እኔ ስደምረው 20 እንኳን አልሞላልኝም።

ሰው የማይገባው ነገር አልጋ ላይ መተኛት በራሱ ጡንቻ እንደሚበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ምንም ሕመም የሌለባቸውን ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ አስተኝተው ሲለኩ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሄዷል፣ ያውም የተለመደውን የፕሮቲን መጠን እየበሉ። እንግዲህ ቁስል ያለበት፣ ትኩሳት ያለበት፣ በዛ ላይ መረቅ ብቻ የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ወጣት ሲታመም ከሲታ ይሆንና ሲድን መልሶ ይሞላል። ሽማግሌ ግን አንዴ የሄደበትን ጡንቻ መመለስ መከራ ነው፣ ሰውነቱ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም ከወጣቱ የበለጠ መብላት አለበት፣ እኛ ግን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው።

መረቅን ጠልቼ አይደለም። ውሃ አለው፣ ይሞቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ምንም አልበላም ላለ ሰው መጀመሪያው እሱ ሊሆን ይችላል። ግን የአጥንት መረቅ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በአብዛኛው ጀላቲን ነው፣ ያ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር፣ ጀላቲን ደሞ ፕሮቲን ከሚሠራባቸውና ሰውነት ከምግብ የግድ ከሚፈልጋቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ፣ ትሪፕቶፋን የሚሉት፣ ጭራሽ የለውም። ይሄ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ድሮ ፓሪስ ውስጥ ለድሆችና ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች ከአጥንት የወጣ ጀላቲን በሾርባ መልክ እየተሰጠ ርካሽ ምግብ ተገኘ ተብሎ ብዙ ሲወራለት ነበር፣ በኋላ ፍራንሷ ማዣንዲ የሚባል ሐኪም የመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1841 ጀላቲን ብቻውን ውሾችን እንኳን በሕይወት ማቆየት እንደማይችል ሪፖርት አደረገ። ያው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

መፍትሔው ሾርባውን መተው አይደለም፣ ፍሬ ማስገባት ነው። እኔ ያደረግኩት ይሄው ነው፣ ያንኑ መረቅ አስቀመጥኩና ውስጡ ቀይ ምስር ከካሮትና ከድንች ጋር እስኪፈርስ አብስዬ በብሌንደር ፈጨሁት፣ ከእሳት ላይ ሳላወርደው የተመታ እንቁላል በቀጭኑ እያፈሰስኩ አማሰልኩበትና እስኪረጋ ጠበቅኩት፣ ሲቀርብ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት ከላይ። ሳህኑ ያው ሳህን ነው፣ አባዬም ያው ሾርባ መስሎት ነው የሚጠጣው፣ ግን ውስጡ ምግብ አለ። ሥጋውን ደሞ መልሼ አስገባሁት። ጠንካራው ሥጋ ሽፋን ባለው ድስት በትንሽ እሳት ሦስት አራት ሰዓት ሲቆይ ያ የሚያጠነክረው ጅማት ወደ ጀላቲን ይቀየርና በሹካ ሲነኩት ይፈታል፣ ጥርስ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ችኮላ ካለባችሁ ዓሣ አለ፣ በአሥር ደቂቃ ይበስላል፣ ልስልስ ነው፣ እሾሁን ብቻ በደንብ መልቀም።

ሌላው የተማርኩት ፕሮቲኑን ለማታ ማጠራቀም እንደማያዋጣ ነው። ሽማግሌ ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ትንሽ ነገር፣ ማታ ደሞ ትልቅ ሳህን ሥጋ ሲቀርብለት ደክሞታል፣ ሁለት ጎርሶ ይተወዋል። በየምግብ ሰዓቱ 25 ግራም ገደማ እየሆነ ቢከፋፈል ይሻላል ነው የተባልኩት። ስለዚህ ጠዋት አጃውን በውሃ ሳይሆን በወተት አበስላለሁ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ማንኪያ እጨምርበታለሁ፣ አጠገቡ እርጎ ወይ እንቁላል። ይቺ የጠዋቷ ለውጥ ብቻዋን ከሌላው ሁሉ በላይ የሠራች ይመስለኛል።

ጥራጥሬ ላይ አንድ ነገር፣ ማታ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሉት፣ ሆድ መንፋቱ ይቀንሳል። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ደሞ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ ሳይንተከተክ በፊት በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ አታስገቡት፣ ጥሬው ውስጥ ያለው መርዛማ ነገር በዛ ትንሽ ሙቀት አይጠፋም፣ ጤነኛን ያስመልሳል፣ ለታመመ ሰውማ አደጋ ነው።

አሁን ጽሑፋችሁ ያወደሰው "ሙሉ እህል" ጋ ልምጣ። በመርህ ደረጃ አብሬያችሁ ነኝ። ክርስቲያን ኤይክማን የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተፈተገ ነጭ ሩዝ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲሰንፍ፣ ያልተፈተገው ሲሰጣቸው ደሞ ሲያገግሙ አይቶ ነው እህሉ ሽፋን ላይ አንድ ነገር እንዳለ ዓለም የነቃው፣ ያ ነገር በኋላ ቫይታሚን ቢ1 ተባለ፣ ሰውዬውም በ1929 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። እሺ። ግን በቀን አሥር ማንኪያ ብቻ የሚበላ ሰው ቤት ስትሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። ፉርሽካና ጥሬ ሰላጣ ትንሿን ሆዱን ይሞላዋል፣ ጠገብኩ ይላል፣ ጉልበት የሚሰጠው ነገር ግን አልገባም። ለእንደዚህ ያለ ሰው እኔ ብሆን ነጭ ሩዝ በወተትና በእንቁላል እሰጣለሁ፣ ቡናማው ሩዝ ምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ይደርሳል። የአትክልት ነገርም እንዲሁ፣ ጥሬ ካልሆነ ቫይታሚኑ ይጠፋል ትላላችሁ፣ ቫይታሚን ሲ ላይ እውነት ነው፣ ሙቀትና ውሃ ይወስደዋል፣ ግን ካሮትና ቲማቲም በስለው ትንሽ ዘይት ሲነካቸው ውስጣቸው ያለው ጠቃሚ ነገር ለሰውነት እንዲያውም ይቀላል። ዘይት አይንካ ያላችሁትን በዚሁ ሰርዙልኝ።

ጁስም ሌላው በሽታ ነው። አራት ብርቱካን ተጨምቆ ቃጫው ተጥሎ ስኳሩ ብቻ ይቀርባል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የጁስን ስኳር ቀንሱ ከሚለው ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው። ፍሬው ለስልሶ ተፈጭቶ ከእርጎ ጋር ቢሆን ምን ነበረበት።

እማዬ ደሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ነበረች። ኪሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ ስትወስድ ሁሉ ነገር ብረት ብረት ይለኛል አለች፣ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከሦስት ክፍል ርቀት ያስመልሳታል። እዚህ ላይ የፕሮቲን ቁጥሬ ምንም አልጠቀመኝም፣ የማትውጠው ፕሮቲን ፕሮቲን አይደለም። የብረት ማንኪያውን በፕላስቲክ ቀየርኩ፣ ትኩስ ምግብ ትቼ ቀዝቃዛ አመጣሁ፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ነገር ብዙ አይሸትም፣ እርጎ፣ የቀዘቀዘ የተቀቀለ ዶሮ በሎሚ፣ ያደረ የድንች ሰላጣ። በቀን ሦስቴ ማቅረብ ቀርቶ በየሁለት ሰዓቱ የሻይ ሰሃን የምታህል። ትልቅ ሳህን ስታይ ገና ሳትቀምስ ትደክማለች። የሚያስመልሳት ቀን ላይ የምትወደውን ምግብ እንዳታቀርቡላት ደሞ አደራ፣ እኔ አቀረብኩላትና ያንን ምግብ እስከ ዛሬ አትነካውም።

ጨው ትልቅ ጭቅጭቅ ነው። በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ይታወቃል፣ ግፊት ላለበት ሰው ቁም ነገር ነው። ግን ጨውን በአንዴ ነቅላችሁ ባዶ ምግብ ስታቀርቡ ሰውዬው መብላት ያቆማል፣ በዕድሜ ምላስም አፍንጫም እየደከሙ ስለሚሄዱ ድሮም ጣዕሙ ቀንሶበታል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የተቆላ ቲማቲም፣ እነዚህ ጨውን ያስረሳሉ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው "የጨው ምትክ" ግን ብዙ ጊዜ ፖታሺየም የሚባል ማዕድን ያለበት ነው፣ ኩላሊት ለደከመበት ሰው ልብ ላይ አደጋ ያመጣል፣ ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትገዙት።

እዚህ ላይ እኔንም አትስሙኝ ማለቴ ነው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ለሁሉም አይሠራም። ዲያሊሲስ፣ ደምን በማሽን ማጣራት ማለት ነው፣ ያልጀመረ ከባድ የኩላሊት ሕመምተኛ ፕሮቲን አብዛ ሳይሆን ቀንስ ነው የሚባለው፣ ድንቹ ራሱ ተቆራርጦ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው የሚደፋው ፖታሺየሙ እንዲወጣ ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደሞ ጎመንና ቆስጣ ክልክል ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፣ እንደዛ አይደለም፣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት ይሁን ነው ነገሩ፣ አንዴ ሙሉ ሳህን ሌላ ጊዜ ምንም ሲሆን ነው መድኃኒቱ የሚዛባው። እና ሲበላ ቶሎ ቶሎ ትን የሚለው፣ ከጎረሰ በኋላ ድምፁ የሚረጥብ ሰው ካለ ቀጭን ሾርባ እንዲያውም በጣም አስቸጋሪው ነው፣ ውሃ ነገር ፈጥኖ ወደ ሳንባ መንገድ ይገባል። ወፈር ያለ ይቀለዋል፣ ግን ምን ያህል ይወፍር የሚለውን መዋጥ የሚመረምር ባለሙያ ይወስን።

ስለ ንጽሕና አንድ መስመር፣ አብስላችሁ የተረፈውን፣ በተለይ ሩዝን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፣ ስታሞቁት እስኪፍለቀለቅ። የኛን ሆድ የማያስነካ ነገር እነሱን ሆስፒታል ይመልሳቸዋል።

አባዬ ከዛ ሾርባ በኋላ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ዎከሩን፣ የመራመጃ መደገፊያውን፣ ይዞ እስከ ወጥ ቤቱ በር መጣ። ምግቡ ብቻ ነው አልልም፣ የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ በየቀኑ እያስነሳችው ነበር፣ ምግብ ያለ እንቅስቃሴም ጡንቻ አይሆንም። በሩ ላይ ቆሞ ድስቱን አየና "ዛሬም ምስር ነው?" አለ ፊቱን አጨማዶ። አዎ ምስር ነበር።

የማስቸግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሚቀጥለው ዕትም ያንን የክልከላ ዝርዝር አንድ ኒውትሪሽኒስት እንዲያየው አድርጉና አስተካክላችሁ አውጡት፣ ከቻላችሁም ጥርስ ለሌለው፣ መዋጥ ለሚያስቸግረውና ምግብ ለሚያስጠላው ሰው የሚሆን አሠራር ከነመጠኑ ጨምሩበት። ብዙ አንባቢ አሁን በዚች ሰዓት ምድጃ ላይ መረቅ ጥዶ ይሆናል።

የዘወትር አንባቢያችሁ