ወደ አፋር ከመውረድህ በፊት

ጅማ፣ ሐምሌ 4

ውድ ታዴ፣

እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። ትናንት እህትህን መርካቶ አገኘኋትና "ታዴ ለመመረቂያው እባብ ሊሰበስብ አፋር ሊወርድ ነው" አለችኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። የእማማን ጤና፣ የአዌቱን ዳር፣ የዚያን ሰውዬ ነገር ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። ዛሬ የእባቡን ብቻ ልጻፍልህ።

ወረቀቱ እጅህ ገብቷል? የዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ፈቃድ መጠየቂያ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱን የምትጠይቀው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ማመልከቻህ ላይ ዝርያውን፣ ብዛቱን፣ ቦታውን፣ ዘዴውንና ቀኑን ለይተህ ጻፍ። መንገድ ላይ በመኪና የተዳጠውን እባብ መውሰድም በዚያው ይካተት፤ የሞተም ቢሆን የዱር እንስሳ ነው። ለዘረ መል ጥናት ሥጋ የምትወስድ ከሆነ የዘረ መል ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስላለ ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር ቀድመህ ተነጋገር። ዘንዶና የአሸዋ ቦአ የተባለው እባብ ደግሞ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ናቸው፤ የጥፍር ታህል ሥጋ እንኳ ያለ መውጫ ፈቃድ ድንበር አታልፍም። ከዚያ ክልሉ፣ ወረዳው፣ በመጨረሻም የአካባቢው ሽማግሌዎች አሉ። የመጨረሻውን እንዳትንቀው፤ ሌሊት የባዳ መብራት ሜዳ ላይ ሲንከራተት ያየ አርብቶ አደር ቢጠራጠርህ አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከገዋኔ ወደ ሚሌ ስትሄድ አስፋልቱ ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር ያነሳኸው እባብ የፓርክ እባብ ሊሆን ይችላል። የፓርኩን ወሰን ጂፒኤስህ ላይ ጫን፣ እዚያ ውስጥ ካሜራ እንጂ ከረጢት አታውጣ።

ከየዓይነቱ አሥር አሥር ልትይዝ ማሰብህንም ሰማሁ። አንተና ጠግቦ አለመነሳት! የትኛው እባብ የት እንዳለ ለማወቅ ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ይበቃሃል። የቀረውን ፎቶ አንሳው፣ ከሆዱ ቅርፊት ጫፍ ትንሽ ቆርጠህ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተት፣ እዚያው ያገኘኸው ቦታ ላይ ልቀቀው።

ጊዜውን አልተሳሳትክም። ካርማ፣ የአፋር ዋናው የክረምት ዝናብ፣ ሲጀምር እባቡም ይወጣል። ቀን ግን አትልፋ፣ በዚያ ሙቀት ሁሉም ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ነፋስ በሌለበትና ጨረቃ ባልደመቀችበት ሌሊት፣ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ፈልግ። አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያመሽ ላዩ ላይ ይዘረጋሉ። የጂቡቲውን ዋና መንገድ ግን ተወው፤ ከእባቡ ይልቅ ተሳቢው ይገድልሃል። ገንጣዮቹን መንገዶች ያዝ። ድንጋይ ስትገለብጥ ራቅ ያለውን ጠርዝ በመንጠቆ ወደ ራስህ ሳበው፣ ድንጋዩ ራሱ ጋሻ ይሆንሃል። ስትጨርስ እንደነበረ መልሰው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ትንሹ እፉኝት ነው፤ የሳይንስ ስሙን ኤኪስ ፒራሚደም የሚሉት። ከክንድ ብዙ አይረዝምም፣ መልኩ ከአሸዋው አይለይም፣ ቁጥቋጦ ሥር ግማሽ ሰውነቱን ቀብሮ ይተኛል። ስትቀርበው ተጣጥፎ ጎንና ጎኑን ይፋትጋል፤ የጎኑ ቅርፊት እንደ መጋዝ ጥርስ ስለሆነ ትኩስ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ድምፁን ስትሰማ እግርህ የት እንዳለ ሳታይ አትንቀሳቀስ። ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊይዘው ሲሞክር ሳይሆን ሳያየው ሲረግጠው ነው። እንቁላል የሚበላው ጥርስ አልባ እባብም ያንኑ ድምፅ አስመስሎ ያወጣል፣ ስለዚህ "ይሄኛው የዋህ ነው" ብለህ እጅህን እንዳትሰድ። በጉጠት ጨምቀህ አትያዘው፣ የጎን አጥንቱ ይሰበራል። በረጅም መንጠቆ አንሳና ጥልቅ ባልዲ ውስጥ አውርደው፤ ክዳኑንም በመንጠቆው ግፋው።

ሁለተኛው ደግሞ አትራክታስፒስ ነው፤ ቀጭን ጥቁር፣ ዓይኑ እንደ ጤፍ ቅንጣት። ምስኪን ይመስላል። ጭንቅላቱን ከኋላ የያዘ ሰው ሁሉ ይነደፋል፣ ምክንያቱም አፉን ሳይከፍት መርዘኛ ጥርሱን በጎን አውጥቶ ይወጋል። እሱን በእጅ የመያዣ መንገድ የለም፤ የተለመዱት የመርዝ ማርከሻዎችም አይሸፍኑትም። ለምራቅ ተፊው ቀይ ኮብራ መነጽር አድርግ። ዓይንህ ውስጥ ከገባ አትሸው፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ እጠበው።

ከረጢቶችህን በአቡጀዴ አሰፋ፣ ስፌታቸው ድርብ ይሁን። እፉኝት በጨርቅ ውስጥም ይነድፋል፤ ከቋጠሮው በላይ ያዝና ከእግርህ አርቀህ ተሸከም፣ ከዚያ ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከተውከው ምሳ በልተህ ሳትመለስ ይሞታል።

ከሁሉ በፊት ግን ሆስፒታሉን እወቅ። ከመውረድህ አስቀድሞ ደውለህ ማርከሻ መኖሩን፣ ለየትኛው እባብ እንደተሠራ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ ጠይቅ። ለህንዱ እፉኝት የተዘጋጀው ለአፍሪካው እምብዛም አይሠራም። በራስህም አትወጋው፤ ድንገተኛ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አድሬናሊን የተባለው መድኃኒት ያለበት ቦታ ያስፈልጋል። ከተነደፍክ ቀለበትህን አውልቅ፣ የተነደፈውን እጅህን ወይም እግርህን በዕንጨት ደግፈህ አታንቀሳቅስ፣ በገመድ አጥብቀህ አትሰር፣ አትብጣ፣ መርዝ ይመጥጣል የሚሉትን ጥቁር ድንጋይም አትለጥፍ። ደህና ነኝ ብለህ እንዳትቀመጥ፣ የዚህ እፉኝት መርዝ ከሰዓታት በኋላም ድድ ያደማል። ጤና ጣቢያው ሌላ መመርመሪያ ባይኖረው እንኳ 2 ሚሊ ሊትር ደምህን በንጹሕ ደረቅ የመስታወት ቱቦ ቀድተው 20 ደቂቃ ሳይነኩት ያቆዩት። ሲያዘነብሉት እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ገብቷል ማለት ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ያሳስታል፤ ንገራቸው።

ታዴ… እንዴት እንደምለው አላውቅም። እህትህ "ብቻውን ነው የሚሄደው" ነው ያለችኝ። ይህ ሥራ አንዱ መብራት ሲይዝ ሌላው መንጠቆ የሚይዝበት፣ አንዱ ቢነደፍ ሌላው የሚነዳበት ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነፃ ነኝ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ አብሬህ ልሂድ ማለት ይከብዳል፤ ቅር ካላለህ ግን ፈቃዱ ላይ ስሜን ለማስገባት ጊዜው ሳያልፍ ደውልልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ጓደኛህ፣
ግርማ