ከሱራባያ፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ

የኔ ውድ፣ እንዴት ከርመሻል? እማማስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስልብሽ አፍሬ ነው። ትምህርቱም ቋንቋውም ናፍቆቱም ተደራረበብኝና ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። ይቅር በይኝ።

ያስጻፈኝ ሉድሩክ ነው። በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት፣ በምሥራቁ በኩል ያለ የሕዝብ ቲያትር ነው፤ ቅዳሜ ማታ እዚሁ ሱራባያ አየሁት። መጀመሪያ የሚወጣው ሬሞ የሚሉት የመክፈቻ ጭፈራ ጨፋሪ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ታስረዋል። ወለሉን በእግሩ መታ ሲያደርግ ሁሉም አንድ ላይ ይንሿሿሉ፣ ከዚያ ጸጥ፤ አንገቱን ሰበር ያደርግና የወገቡን ሻሽ በጣቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ወጥታ ዘፈነች፤ ለካስ ወንድ ነው! በልማዱ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው።

ሶሎ በምትባል ሌላ የጃቫ ከተማ ደግሞ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በዳያ ከታዋንግ የሚሉት ጭፈራ አለ። ዘጠኝ ሴቶች ናቸው የሚጨፍሩት፣ ንጉሡ ዘውድ የጫነበት ቀን ሲከበር፣ በዓመት አንዴ። እሱም ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ልቤ ያለው ሉድሩክ ጋ ነው፤ ሰዎቹ የሚያወሩት የሰፈሩን ቋንቋ ነው።

አሁን አንቺን ያስታወሰኝን ልንገርሽ። ቻክ ዱራሲም የሚባል የሉድሩክ ሰው ነበር (ቻክ ማለት እንደኛ «ጋሼ» በይው)። ጃፓኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ጃቫን ያዙ። ሕዝቡ በረሃብና በግዳጅ ሥራ አለቀ። እሱ መድረክ ላይ ቆሞ ሁለት መስመር አዜመ፦

«የርግብ ቤት፣ የርግብ ማደሪያ፤
ኒፖንን መከተል፣ መከራ መጨመሪያ።»

የመጀመሪያው መስመር ቤት መምቻ ነው፤ ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ኒፖን ያው ጃፓን ናት። ይዘው አሰቃዩት፣ በ1944 ሞተ። ዛሬ እዚህ ከተማ በስሙ የተጠራ የቲያትር አዳራሽ አለ። ሕፃን አዋቂው ግጥሙን በቃሉ ይለዋል፣ እኔንም ያስጠናችኝ አከራዬ ናት፣ ሩዝ እየለቀመች።

ስሰማው ያ የአዝማሪ ግጥም የምትለቅሚበት ደብተርሽ ትዝ አለኝ። አሁንም አለ? ካለ ሁለት መስመር ምረጪና ላኪልኝ፣ ወርቁን ፈተሽ አድርገሽ። ለአከራዬ በጃቫኛ ላሰማት ቃል ገብቻለሁ።